ሰንሰለቱ ሲላላ፦ የቼን ሎደር መወጠሪያ ጥገናና ጥንቃቄው

(በካኩማ ካምፕ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የከባድ መሣሪያ መካኒኮች በሙያ ማሠልጠኛው አዳራሽ ለነዋሪዎችና ለሠልጣኞች ያሰማነው ንግግር ሙሉ ቃል)





የዛሬው ርእሳችን አንድ ማሽን፣ ከማሽኑም አንድ ክፍሉ ነው። «እኛ መካኒክ አይደለንም፣ ይህ ምን ያደርግልናል?» የምትሉ እንደምትኖሩ እናውቃለን። ነገሩ የመካኒክ ብቻ እንዳልሆነ ስንጨርስ ትረዱታላችሁ ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

እንደሚታወቀው ካምፓችን ከተቋቋመበት ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሁለት ነገሮች ጋር ስንታገል ኖረናል፤ ከውሃ እጥረትና ከውሃ ብዛት። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ የሚከርመው የታራች ወንዝ በሩቅ ተራራ ዝናብ በጣለ ጊዜ በአንድ ሌሊት ሞልቶ ይመጣል። የጎርፍ መውረጃ ቦይ የሚጠርግ፣ የተናደ ዳርቻ የሚሞላ፣ የውሃ ማቆሪያ የሚያወጣ፣ የቆሻሻ ጉድጓድ የሚቆፍር ማሽን ያስፈልጋል። በጎማ የሚሄደው ማሽን በደረቅ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ይሰምጣል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ለዚህ ሥራ የሚመጣው በሰንሰለት የሚሄደው ሎደር፣ እኛ በተለምዶ ቼን ሎደር የምንለው ነው።

ይህ ማሽን በቦዩ መካከል ሳለ ሰንሰለቱ ቢወልቅ ምን ይሆናል? ከአሥር ቶን የማያንስ ብረት መንቀሳቀስ አቅቶት ይቀመጣል። ክሬን በአቅራቢያ የለም፤ መለዋወጫ ከናይሮቢ እስኪመጣ ቀናት ይፈጃል። በዚህ መካከል ሰማዩ ቢጠቁር ቦዩ ሳይጠረግ፣ ማሽኑም ከነቦዩ በውሃ ሊያዝ ይችላል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለዚህ ነው። ሰንሰለት በአንድ ቀን አይወልቅም፤ ከመውለቁ በፊት ለሳምንታት ሲላላ ይቆያል። የሚያይ ዓይን ካለ ይታያል።

የሰንሰለቱ አሠራር

በሰንሰለት የመሄድ ሐሳብ የተገኘው ከእኛ ችግር ጋር ከሚመሳሰል ችግር ነው። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ በስቶክተን ከተማ አካባቢ የነበረው የእርሻ መሬት ረግረግ ስለነበር የእንፋሎት ትራክተሮች ጎማ እየሰመጠ አስቸገረ። ቤንጃሚን ሆልት የተባለው ፋብሪካ ባለቤት ጎማዎቹን አውጥቶ በምትካቸው የሚዞር ሰንሰለት አድርጎ እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 1904 ሞከረው። ክብደቱ በሰፊ ቦታ ላይ ስለተከፋፈለ ማሽኑ አልሰመጠም። የእርሱ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1925 ከተወዳዳሪው ከቤስት ኩባንያ ጋር ተዋህዶ ዛሬ ሁላችንም የምናውቀው ካተርፒላር ተመሠረተ።

አሁን በማሽኑ ጎን እንቁምና ከኋላ ወደ ፊት እንይ። ከኋላ ያለው ጥርሳም ጎማ ስፕሮኬት ይባላል፤ ከሞተሩ የሚመጣው ኃይል ሰንሰለቱን የሚያዞረው በእርሱ ነው። ከፊት ያለው ጥርስ የሌለው ትልቅ ጎማ አይድለር ይባላል፤ ሥራው ሰንሰለቱን መምራትና መወጠር ነው። ከታች የተደረደሩት ሩሎዎች የማሽኑን ክብደት ይሸከማሉ፤ የላይኛው ሩሎ ደግሞ የሰንሰለቱን የላይ ክፍል ደግፎ ይይዛል።

አይድለሩ በአንድ ቦታ ተቸንክሮ የቀረ አይደለም፤ በሐዲድ ላይ እንዳለ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ከጀርባው ሁለት ነገሮች ይገፉታል። አንደኛው በግራሶ የተሞላ ሲሊንደርና ፒስተን ነው። በግራሶ ፓምፕ ግራሶ ስንጨምር ፒስተኑ አይድለሩን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ሰንሰለቱ ይወጠራል። ግራሶ ስናወጣ አይድለሩ ይመለሳል፤ ሰንሰለቱ ይላላል። ሁለተኛው ከሲሊንደሩ ጋር በአንድ መስመር ያለው ወፍራም ሞላ ነው። በሰንሰለቱና በስፕሮኬቱ መካከል ድንጋይ በገባ ጊዜ ሞላው ተጨምቆ አይድለሩን ወደ ኋላ ያስገባዋል፤ ድንጋዩ ሲወጣ መልሶ ይገፋዋል። ሞላው ባይኖር ያ ሁሉ ጡጫ የሚያርፈው በኩሽኔታውና በኋላ ማርሹ ላይ በሆነ ነበር።

እንግዲህ ግራሶው ልኩን ይሰጣል፣ ሞላው ጡጫውን ይቀበላል። ሁለቱም ኃይል አምቀው የተቀመጡ ናቸው። የዛሬው ንግግራችን ዋና ቁም ነገር በዚህ ላይ ነው፦ ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን ይህ ኃይል አይጠፋም።

መጥበቅም መላላትም በልክ ነው

ብዙ ሰው «ሰንሰለት በጠበቀ ቁጥር ጥሩ ነው» ብሎ ያምናል። ይህ ትክክል አይደለም። ከልክ በላይ የጠበቀ ሰንሰለት ፒኑንና ቡሺንጉን፣ የስፕሮኬቱን ጥርስ፣ የአይድለሩንም ኩሽኔታ ያለጊዜው ይበላል፤ የሞተሩንም ኃይል ያባክናል፣ ናፍጣ ይጨምራል። በእኛ አሸዋ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ አሸዋ እንደ ሞረድ ብረት ይበላልና። በጣም የላላ ሰንሰለት በበኩሉ እንደ እባብ ይወዛወዛል፣ የስፕሮኬቱን ጥርስ ይዘላል፣ በመታጠፊያ ላይ ይወልቃል።

ልኩን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ማሽኑ በደልዳላ መሬት ላይ ሁለት የማሽን ርዝመት ያህል በቀስታ ወደ ፊት ይነዳና ፍሬን ሳይያዝ በራሱ ይቆማል። ወደ ኋላ ተነድቶ ከቆመ ልኬቱ ያሳስታል። ከዚያ ከአይድለሩ በላይ ካለው ጫማ እስከ ላይኛው ሩሎ በላይ ካለው ጫማ ድረስ ሲባጎ ይወጠራል፣ ወይም ቀጥ ያለ ጣውላ ይጋደማል። ሰንሰለቱ በጣም ከረገበበት ቦታ እስከ ሲባጎው ያለው ርቀት በሜትር ይለካል። ለመካከለኛ ሎደሮች ልኩ ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ ነው፤ ነገር ግን የየማሽኑ መጽሐፍ የሚለው ከእኛ ቃል ይበልጣል።

አንድ ነገር እንጨምር። ልኬቱ የሚወሰደው ማሽኑ በሚሠራበት ሁኔታ ነው። በጭቃ የሚሠራ ማሽን ጭቃው በስፕሮኬቱ ጥርስ መካከል ስለሚታጨቅ ሰንሰለቱ በራሱ ይጠብቃል። በደረቅ ቦታ ታጥቦ የተስተካከለው ሰንሰለት ጭቃ ሲገባ ከልክ በላይ ሊጠብቅ ስለሚችል ዝናብ ሲጀምር እንደገና መለካት ይገባል።

ለምን ላላ?

ከመካከላችሁ አንድ አባት «በየጧቱ ግራሶ እየጨመራችሁ ለምን አትነዱትም?» ብለው አስቀድመው ጠይቀውናል። አባታችን፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ሰንሰለት በወራት ውስጥ ጥቂት ቢላላ የተለመደ ነው፤ ግራሶ ይጨመርለታል። ማታ የተወጠረው ጧት ላልቶ ከተገኘ ግን ግራሶው የሚወጣበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ምክንያቱ ሳይፈለግ በየጧቱ ግራሶ መጨመር የሚያፈስ እንስራ ላይ ውሃ እንደመሙላት ነው፤ አንድ ቀን በቦዩ መካከል ባዶ ይሆናል።

ስለዚህ ከርካሹ ወደ ውዱ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ እየሄድን እንመርምር።

አንደኛ፣ ከጎን ያለውን ክዳን ከፍተን ቫልቮቹን በናፍጣና በጨርቅ አጽድተን እናያለን። አንዱ ግራሶ የሚገባበት፣ ሌላው ግራሶ የሚለቀቅበት ነው። ትኩስ ግራሶ በዚያ ከታየ ችግሩ የቫልቭ እንጂ የፒስተን ላይሆን ይችላል። በቫልቭ መቀመጫ ላይ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ብትገባ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ቫልቮቹ ደረቅ ሆነው ግራሶ ከፒስተኑ ፊት፣ በአይድለሩ ሹካ በኩል የሚወጣ ከሆነ ፓራሊዮው፣ ማለትም ግራሶው እንዳያመልጥ የሚይዘው የላስቲክ ቀለበት ተበልቷል። ይህ መፈታት ይፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ምንም ግራሶ ሳይፈስ አይድለሩ አልንቀሳቀስ ካለ ሐዲዱ በደረቀ ጭቃና ዝገት ተይዟል። መጀመሪያ ማጽዳት ነው፤ በላዩ ላይ ግራሶ በግድ መጨመር አይደለም።

አራተኛ፣ አይድለሩ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ወጥቶም ሰንሰለቱ ከላላ መወጠሪያው ጤነኛ ነው፤ ያረጀው ሰንሰለቱ ነው። ፒኑና ቡሺንጉ ስለተበሉ ሰንሰለቱ ረዝሟል። መድኃኒቱ ፒንና ቡሺንጉን በፕሬስ አውጥቶ በግማሽ ዙር ማገላበጥ ወይም መለወጥ ነው። አንዳንዶች አንድ ማያያዣ ቆርጠው በማውጣት ያሳጥሩታል። የረዘመው ማያያዣ ከስፕሮኬቱ ጥርስ ጋር ስለማይገጥም ይህ አዲስ ጥርስ ከማስበላት በቀር ጥቅም የለውም።

ከመፍታት በፊት መታወቅ ያለበት

አንድ የእጅ ግራሶ ፓምፕ እስከ 700 ባር የሚደርስ ግፊት ሊሰጥ ይችላል። የትንሽ መኪና ጎማ የሚነፋው ከ2 እስከ 2.5 ባር ባለው ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አስተያዩ። በዚህ ግፊት የሚወጣ ግራሶ የሥራ ጓንትንና ቆዳን እንደ መርፌ ይበሳል።

ከመካከላችን አንዱ ወደ ስደት ከመምጣቱ በፊት ይሠራበት በነበረ አንድ ጋራዥ ያየውን እንንገራችሁ። አንድ ወጣት ረዳት ሰንሰለት እንዲያላላ ታዘዘ። ቫልቩን ከአንድ ዙር በላይ ፈታው፤ ግራሶው መውጣት አለመውጣቱን በእጁ ሲዳስስ መዳፉን ወጋው። የታየው ነገር የእሾህ ውጊያ የምታህል ነጥብ ብቻ ነበረች። ብዙም አላመመውም። የጋራዡ ኃላፊ «ጨርቅ እሰርባትና ሥራህን ቀጥል» አለው። ማታ እጁ አበጠ፤ በማግሥቱ ሐኪም ቤት ሲደርስ ግራሶው በጅማቱ ሽፋን ውስጥ ተሰራጭቶ ነበር። ሁለት ጣቶቹ ተቆረጡ። በጊዜው ያንን ልጅ ያስተማረው ሰው አልነበረም።

በመሆኑም መካኒኩም፣ ኦፕሬተሩም፣ ቤተሰቡም ይህን ይወቅ፦ በግፊት የወጣ ግራሶ ወይም ዘይት ቆዳ ከበሳ ቁስሉ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ባያምም እንኳ፣ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት ይኬዳል። የሚያዋጣው በሰዓታት ውስጥ የሚደረግ ቀዶ ጥገና ነው። አይታሽም፣ አይጨመቅም፣ በሙቅ ውሃ አይነከርም። ለሐኪሙ «ተወጋሁ» ብቻ አይባልም፤ «በከፍተኛ ግፊት ግራሶ ገብቶብኛል» ይባላል። ቢቻል የግራሶው ቆርቆሮ አብሮ ይወሰዳል። ነጥቧን ብቻ ያየ ጤና ረዳት በፋሻ አስሮ ሊመልሳችሁ ይችላልና አስረግጣችሁ ንገሩ።

ስለዚህ ሕጎቻችን የሚከተሉት ናቸው። የሚለቀቀው ቫልቭ ከአንድ ዙር በላይ አይፈታም። የሚፈታው ሰው ከጎን ይቆማል እንጂ በቀዳዳው ፊት አይጎነበስም። ግራሶ መውጣቱ በእጅ አይዳሰስም፣ ፊትን አስጠግቶ አይታይም፤ የሚታየው በሰንሰለቱ መላላት ነው። ግራሶው አልወጣ ካለ ቫልቩ አይጨመርበትም፤ ሁሉም ሰው ዞር ካለ በኋላ ኦፕሬተሩ ማሽኑን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጥቂት ያንቀሳቅሳል። ይህም ካልረዳ ሥራው ይቆማል። ግራሶ የተዘጋበት ሲሊንደር በእሳት አይሞቅም፣ በብየዳ አይነካም፤ እንደ ቦምብ ሊፈነዳ ይችላል።

ስለ ሞላው የምንናገረው አንድ ቃል ነው፦ አይነካም። ሞላው በፋብሪካ ሲገጠም በብዙ ቶን ኃይል ተጨምቆ በረጅም ብሎን ታስሯል። ያንን ብሎን ያለ ልዩ ፕሬስ የፈታ ወይም የቆረጠ ሰው ሕይወቱን ያጣል። ብሎኑ ወይም ሞላው ተሰብሯል የሚል ጥርጣሬ ካለ፣ ለምሳሌ አይድለሩ ያለ ምክንያት ተጣምሞ ወይም ወደ ፊት ተወርውሮ ከተገኘ፣ ማሽኑ ባለበት ይቆምና ፕሬስ ያለው ወርክሾፕ ይጠራል። ይህን ማለት ለመካኒክ ውርደት አይደለም። የሙያውን ዳርቻ የሚያውቅ መካኒክ ሙያውን የሚያውቅ መካኒክ ነው።

የፓራሊዮው አለዋወጥ

አሁን ፓራሊዮው እንደተበላ አረጋግጠናል እንበል። ሥራው በቅደም ተከተል እንዲህ ነው።

ማሽኑ ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ይቆማል፤ አካፋው መሬት ይነካል፤ ሞተሩ ይጠፋል፤ ቁልፉ በጠጋኙ ኪስ ይገባል። የማይፈታው ሰንሰለት ከፊትና ከኋላ ታኮ ይደረግበታል። ቀጥሎ ጭቃው ሁሉ ይታጠባል። ሳይታጠብ የሚፈታ መወጠሪያ ለአዲሱ ፓራሊዮ አሸዋ ማጉረስ ነው።

የሰንሰለቱ መክፈቻ የሆነው ማስተር ሊንክ ከአይድለሩ ፊት እስኪደርስ ማሽኑ ይንቀሳቀስና ሞተሩ እንደገና ይጠፋል። ከዚያ ከላይ በተናገርነው ሕግ ግራሶው ይለቀቃል። ሰንሰለቱ መላላቱ በዓይን ሳይረጋገጥ ማስተር ሊንኩ አይነካም፤ የተወጠረ ሰንሰለት ሲከፈት ይወረወራል። ከተረጋገጠ በኋላ ሰንሰለቱ በድንገት እንዳይወድቅ ከሥሩ የእንጨት ጉማጅ ይደረጋል፣ ብሎኖቹ ይፈታሉ፣ የሰንሰለቱም ጫፍ በመጎተቻ ተይዞ ቀስ ብሎ መሬት ይወርዳል። አንድ ሰንሰለት ከነጫማው ከአንድ ቶን በላይ ሊመዝን ስለሚችል በሰው እጅ አይያዝም። ማሽኑን ከፍ ማድረግ ካስፈለገ በክሪክ ተነሥቶ በወፍራም የእንጨት ርብራብ ላይ ያርፋል። በክሪክ ብቻ፣ ወይም በአካፋው ተደግፎ በቆመ ማሽን ሥር ማንም አይገባም።

ቀጥሎ አይድለሩ ከነሹካው በሐዲዱ ላይ ወደ ፊት ተስቦ በማንሻ ይወጣል። ፒስተኑ በእጅ ካልወጣ በግራሶ ፓምፕ ቀስ በቀስ እየተገፋ ይወጣል፤ በዚያ ጊዜ በፊት ለፊቱ ማንም አይቆምም። ሞላው ከነእስሩ ባለበት ይቀራል።

ፒስተኑ ሲወጣ አሮጌው ግራሶ በሙሉ ይጠረጋል። የፒስተኑ ገላና የሲሊንደሩ ውስጥ በንጹሕ ጨርቅ ከተወለወለ በኋላ በጥፍር ይዳሰሳል። ጥፍር የሚያስቆም ጭረት ወይም የዝገት ጉድጓድ ካለ አዲስ ፓራሊዮ ብቻውን አያድነውም፤ ጥቂት ቀን ሠርቶ ያፈስሳል። ቀላል ዝገት በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይጸዳል፤ ጥልቅ ከሆነ ክፍሉ ይለወጣል።

አሮጌው ፓራሊዮ ከመውጣቱ በፊት ከንፈሩ ወደ የት እንደሚመለከት በኖራ ወይም በጠመኔ ምልክት ይደረጋል። የአዲሱ ፓራሊዮ ክፍት ከንፈር ሁልጊዜ ግፊቱ ወዳለበት፣ ማለትም ወደ ግራሶው ይመለከታል። ተገልብጦ ከገባ በመጀመሪያው ቀን ግራሶውን ይለቃል። ከውጭ በኩል ያለው የአቧራ መጥረጊያ ቀለበትም አብሮ ይለወጣል፤ አሸዋን የሚከለክለው እርሱ ነው። ፓራሊዮ በካቻቢቴ እየተጎረጎረ አይገባም፤ በግራሶ ተቀብቶ፣ ጠርዙ በለሰለሰ እንጨት እየተገፋ ይገባል። ከጎማ ከመነዳሪ ተቆርጦ የሚሠራ ቀለበት ለእጅ ውሃ ፓምፕ ይሆን እንደሆነ እንጂ ይህን ግፊት አይችልም።

ፒስተኑ ከመመለሱ በፊት ሲሊንደሩ ውስጥ ግራሶ ይሞላል፤ አየር ከቀረ መወጠሪያው እንደ ኳስ ይነጥራል፣ ልኩም አይጸናም። አይድለሩ ይመለሳል፤ ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ የጎን ሳህኖቹ መበላታቸው በዚሁ አጋጣሚ ይታያል። ሰንሰለቱ በመጎተቻ ተስቦ ይገጠማል። የማስተር ሊንኩ ጥርሶችና ብሎኖቹ ንጹሕ ይሁኑ፤ የሚጠብቁትም በመጽሐፉ በተሰጠው ቁጥር ነው። በግምት የጠበቀ የማስተር ሊንክ ብሎን ሲላላ ሰንሰለቱን ይከፍታል፤ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ይሆናል።

በመጨረሻም የሚለቀቀው ቫልቭ ተዘግቶ ግራሶ ይጨመራል፤ ማሽኑ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተነድቶ፣ በመጨረሻ ወደ ፊት ሄዶ በራሱ ቆሞ፣ በሲባጎው ይለካል። በማግሥቱ ጧት ሥራ ሳይጀመር እንደገና ይለካል። ቁጥሩ ካልተለወጠ ጥገናው ተሳክቷል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ይህን የማግሥት ልኬት በችኮላ የሚዘል ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል።

የየድርሻችን

ለኦፕሬተሮች የምንለው ይህ ነው። ሎደር በሥራው ጠባይ ከሚሄደው መንገድ ግማሹን ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። ወደ ኋላ በፍጥነት መንዳት ቡሺንጉንና ስፕሮኬቱን ይበልጥ ይበላል፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ሲሆን ቀስ በሉ። ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን አትዙሩ፤ አንደኛው ሰንሰለት ብቻውን ያረጃል። ሰንሰለቱ በቦታው እንዲሽከረከር አታድርጉ። በየቀኑ በዓይን እዩ፣ በየሳምንቱ ለኩ፣ የለካችሁትንም በደብተር ጻፉ። ደብተሩ ሲገለጥ ሰንሰለቱ ከስንት ሚሊ ሜትር ወደ ስንት እንደሄደ ይናገራል፤ ለመለዋወጫ ለሚጠይቀው መሥሪያ ቤትም ከማንኛውም ቃል የበለጠ ማስረጃ ይሆናል።

ለእናቶችና ለአባቶች ደግሞ የምንለው አለን። አንዲት እናት «ማሽኑ ሲቆም ልጆቹ ይወጡበታል፣ ምን ይሆናሉ?» ብለው ጠይቀውናል። እናታችን፣ ትክክለኛ ሥጋት ነው። ቀደም ብለን እንዳልነው የቆመ ማሽን ሁሉ ያረፈ ማሽን አይደለም። ከጎኑ ያለው ክዳን ለልጅ መጫወቻ ሳጥን ይመስላል፤ ከውስጡ ያለው ቫልቭ ግን ስለት ነው። ልጆች ከቆመ ሎደር እንዲርቁ፣ ከሰንሰለቱ ላይ እንዳይቀመጡ፣ በተለይ በጥገና ላይ ካለ ማሽን ዙሪያ እንዳይቆሙ ንገሩልን። እኛም በበኩላችን በጥገና ቦታ ገመድ እንጋርዳለን፤ ሰው እናቆማለን።

ለሠልጣኞች የመጨረሻው ቃላችን ነው። የምንጠቀምባቸው ቃላት፣ ሞላውም፣ ብሎኑም፣ ዳዶውም፣ ክሪኩም ከጣሊያን ጋራዦች ወደ እኛ የመጡ ናቸው። አባቶቻችን ቋንቋውን ሳይማሩ ሙያውን ተማሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1951 በተቋቋመው የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ካምፖች ውስጥም ለልጆቻቸው በእጅ እያሳዩ አስተላለፉት። ከእኛ ጋር ድንበር ሲሻገር የተፈተሸበትና የተቀማ ነገር ብዙ ነው፤ ሙያን ግን የቀማን የለም። እናንተም ወደ አገር ብትመለሱ፣ እዚሁ ብትሠሩ፣ ወይም ወደ ሦስተኛ አገር ብትሄዱ ሎደር በሁሉም አገር አንድ ነው፤ የግራሶውም ግፊት አንድ ነው። ሙያውን ይዛችሁ የምትሄዱት ግን ሁለት እጆቻችሁ ጤነኛ ሲሆኑ ነው።

በቃል የሰማችሁትን በእጅ ለማየት የምትፈልጉ ሁሉ፣ ሴቶችም ጭምር፣ በማሠልጠኛው ወርክሾፕ ከማሽን የወጣ አሮጌ ፒስተንና ሲሊንደር አዘጋጅተናል። ግፊት የሌለበት ስለሆነ ሳትፈሩ ፈታታችሁ መግጠም ትችላላችሁ። የፓራሊዮውን ከንፈር አቅጣጫ ሦስት ጊዜ ሳይሳሳት የገጠመ ሠልጣኝ በሚቀጥለው ጥገና ከእኛ ጎን ይቆማል።